ቨርጂኒያ ሲቲ፣ ኔቫዳ፦ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ የአንድ ቀን ጉብኝት

ቨርጂኒያ ሲቲ የሄደ ሰው ቀኑን የሚያባክነው ብዙውን ጊዜ በአንድ ስህተት ነው። መኪናውን በዋናው መንገድ፣ በሲ ጎዳና ላይ ያቆምና እዚያው ይቀራል። የጣውላውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፣ ከረሜላና ባርኔጣ ይገዛል፣ አንድ ሳሉን (የድሮ ዓይነት መጠጥ ቤት) ገብቶ ይቀመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፤ በሁለት ሰዓት ጨርሶ «ለቱሪስት የተሠራ ሰፈር ነው» እያለ ይመለሳል። ከተማዋ ግን ለቱሪስት አልተሠራችም። በ1859 ከተገኘው ኮምስቶክ ከሚባለው የብርና የወርቅ ሥር (በድንጋይ ውስጥ ከሚዘልቅ የማዕድን መስመር) በላይ የቆመች፣ በደጉ ዘመኗ 25,000 ያህል ሰው የኖረባት፣ ዛሬ ከአንድ ሺህ ያነሰ ሰው የቀረባት የማዕድን ከተማ ናት። የሲ ጎዳና ሱቆች የድስቱ ክዳን ናቸው፤ ወጡ ያለው ከሥር ነው። ስለዚህ እዚህ የምናቀርበው እቅድ ከኮረብታው ግርጌ፣ ከባቡሩና ከማዕድን ጉድጓዱ ይጀምርና ወደ ላይ እየወጣ ሲ ጎዳናን ከመጨረሻዎቹ ቦታዎች አንዱ ያደርገዋል። ወራትና ሰዓት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ ትኬትና በር ላይ ተጽፎ የምታገኙት እሱን ነውና።

መቼ መሄድ

ባቡሩ፣ ጉድጓዶቹና አብዛኞቹ ሙዚየሞች የሚሠሩት ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ነው። ከዚህ ውጭ ስትሄዱ ሳሉኖቹና የተወሰኑ ሱቆች ክፍት ይሆናሉ፤ ለዚህ ጉብኝት ዋና የሆኑት ግን በአብዛኛው ዝግ ናቸው። የእኛ ምርጫ ጁንና የኦክቶበር መጀመሪያ ነው። ሴፕቴምበርም ጥሩ ነው፤ ብቻ የግመል እሽቅድምድም የሚካሄድበትን ሳምንት ለዩት። እሽቅድምድሙ በ1959 የከተማዋ ጋዜጣ ለቀልድ ከጻፈው የፈጠራ ወሬ የተወለደ ነው፤ በዓመቱ ወሬው እውነት ሆነና ግመሎች በእርግጥ ሮጡ። ለጨዋታ ከሆነ ሂዱ፤ ጉድጓዱንና ታሪኩን ለማየት ከሆነ ግን በዚያ ሳምንት መጨረሻ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

የሰዓት ምርጫን የሚወስነው ተራራው ነው። ከተማዋ የተሠራችው 2,397 ሜትር ከፍታ ባለው የዴቪድሰን ተራራ ምሥራቃዊ ቁልቁለት ላይ ነው። ፀሐይ ጠዋት በቀጥታ ትመታታለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሜዳው ገና ብርሃን እያለ ከተማዋ በተራራው ጥላ ሥር ትገባለች። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ጥላው ሲወርድ ብርዱ ወዲያው ይከተላል። ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚነሳ፣ የአካባቢው ሰው ዋሾ ዘፊር የሚለው ኃይለኛ ነፋስም አለ፤ ማሰሪያ የሌለው ባርኔጣ አይቆምለትም። በአጭሩ፣ ፎቶ የሚነሳውም የሚወጣውም የሚወረደውም በጠዋት ነው፤ ቤት ውስጥ የሚታየው ለከሰዓት ይቆይ።

መንገዱ

ከሬኖ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ያዙለት። በደቡብ አቅጣጫ አይ 580 በተባለው ፈጣን መንገድ ወጥታችሁ የማውንት ሮዝ መንገድ መውጫ ላይ ትታጠፋላችሁ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ቁጥር 431 ወደ ታሆ ሐይቅ ይወስዳል፣ የእናንተ መንገድ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው 341 ነው። ጋይገር ግሬድ ይባላል። ከሸለቆው ተነስቶ በጥምዝምዝ ወደ 2,069 ሜትር ይወጣና ወደ ከተማዋ፣ ወደ 1,890 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በግማሽ መንገድ ላይ ሸለቆውን ከላይ የሚያሳይ በድንጋይ የታጠረ ማቆሚያ አለ። መኪና ውስጥ የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ከፊት አስቀምጡት፤ ሽቅቡ ከመጀመሩ በፊትም ከባድ ቁርስ አትስጡት።

ከካርሰን ሲቲ ለሚመጣ በመንገድ ቁጥር 50 ወደ ምሥራቅ፣ ማውንድ ሐውስ ላይ ወደ ግራ 341 ነው፤ በጠቅላላው ወደ 25 ኪሎ ሜትር። ጥቂት እንደሄዳችሁ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። 342 በሲልቨር ሲቲና በጎልድ ሂል በኩል የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ነው፤ ጠባብና በጣም ቀጥ ያለ ዳገት። 341 ደግሞ ዞሮ የሚሄደው የከባድ መኪና መንገድ ነው። በትንሽ መኪና 342ን ሽቅብ ውጡበት፤ በሁለት አለቶች መካከል ‹የሰይጣን በር› በሚባለው ጠባብ ቦታ ሲያሳልፋችሁ የድሮ ጋሪ ነጂዎች ያዩትን ታያላችሁ። ተጎታች ላለው ወይም የካምፕ መኪና ለሚነዳ ግን 342 አይሆንም።

ከካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ የሚነሳ ሰው እስከ ሬኖ ብቻ 215 ኪሎ ሜትር ገደማ አለበት፣ ያውም ዶነር በተባለው የተራራ ማለፊያ በኩል። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል፤ ግን ከጠዋቱ 6:30 ሳይነሱ አይሆንም፣ ከኖቬምበር በኋላም በረዶው መንገዱን ሊዘጋ ወይም የጎማ ሰንሰለት ሊያስጠይቅ ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት የሁለቱንም ግዛቶች የመንገድ መረጃ አረጋግጡ።

የስልክ ካርታ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከዋሾ ሸለቆ ስትነሱ ጃምቦ ግሬድ የሚባል አጭር መንገድ ሊያሳያችሁ ይችላል። በካርታ ላይ አጭር ነው፤ መሬት ላይ ግን ድንጋያማ የአፈር መንገድ ነው፣ ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና ይፈልጋል። በጥምዝምዞቹ መካከል የስልክ መስመር ስለሚቆራረጥ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱ። ነዳጅም ከታች ሞልታችሁ ውጡ።

ምን መያዝ

ዋናው ጫማ ነው። የጣውላው መንገድ ያልተስተካከለ ነው፤ በጣውላዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ቀጭን ተረከዝ ይውጣል፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል። ከዚያ በላይ ግን የሚያደክመው ቁልቁለቱ ነው። ጎዳናዎቹ በፊደል የተሰየሙ ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ እየተባለ ይወርዳል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያገናኙት መንገዶች አጫጭር ናቸው፤ ግን ከኤፍ እስከ ቢ ያለእረፍት የወጣ ሰው ይተነፍሳል። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ደግሞ አየሩ ስለሚቀጥን ራሱን ሊያመው ይችላል። በአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት ያዙ። በጁላይም ቢሆን ጃኬት ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከውጭ 32 ሆኖ በካናቴራ የገባ ሰው በአምስት ደቂቃ ይንቀጠቀጣል። ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት ያዙ፤ ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ሙዚየሞችና የጉድጓድ ትኬት ቆራጮች አሉና።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወይም ጉልበቱ ለሚያመው ሰው እውነቱን እንናገር፤ ጉድጓዱ አይሆንለትም። ባቡሩን አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ለእንዲህ ያለ ሰው በመኪና ከጎዳና ወደ ጎዳና እያወረዱ በየበሩ ማሳየቱ ይሻላል።

ከመግባታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ሁለት ነገር ካወቃችሁ ያያችሁት ሁሉ ይገባችኋል።

አንደኛው ጭቃው ነው። በ1850ዎቹ ሸለቆው ውስጥ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ማጠቢያ ሳጥናቸውን የሚደፍን ከባድ ሰማያዊ ጭቃ ያስቸግራቸው ነበር። እየረገሙ ይጥሉት ነበር። በ1859 ፒተር ኦራይሊና ፓትሪክ ማክላክሊን የተባሉ ሁለት አየርላንዳውያን ሲክስ ማይል ካንየን አናት ላይ ጥሩ ወርቅ አገኙ፤ ሄንሪ ኮምስቶክ የተባለው ሰው ደግሞ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ተጋራቸው፣ ስሙም በሥሩ ላይ ቀረ። የጭቃው ናሙና ተራራውን ተሻግሮ ካሊፎርኒያ ሲመረመር የብር ሰልፋይድ ሆኖ ተገኘ። የጣሉት ከያዙት ይበልጥ ነበር። ሰው ሁሉ ከካሊፎርኒያ ወደዚህ የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው እሳቱ ነው። ኦክቶበር 26 ቀን 1875 የተነሳ እሳት የከተማዋን መሐል አነደደው። ገንዘቡ ገና ከጉድጓድ እየወጣ ስለነበር ባለቤቶቹ አላመነቱም፤ በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ መልሰው ሠሩት። ስለዚህ ሲ ጎዳና ላይ የምታዩት ጡብና ብረት አብዛኛው የ1875፣ የ1876 ወይም የ1877 ነው። ይህን ቁጥር ያዙት። ከዚያ በፊት የተሠራ ነው የተባለ ቤት ባያችሁ ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት፤ ወይ ከእሳቱ ዳር የነበረ ነው፣ ወይ የተጋነነ ወሬ ነው። ደራሲው ማርክ ትዌይን ለምሳሌ ከ1862 እስከ 1864 እዚህ ‹ቴሪቶሪያል ኢንተርፕራይዝ› ጋዜጣ ላይ ሠርቷል፤ ማርክ ትዌይን በሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረመውም በፌብሩዋሪ 1863 እዚሁ ነው። የጋዜጣው ቤት ግን በ1875 ተቃጥሏል፤ ዛሬ የሚጎበኘው ከእሳቱ በኋላ የተሠራው ነው።

ቀኑ እንዴት ይሄዳል

9:30 ላይ ድረሱ። ከሬኖ ስትመጡ በሰሜን በኩል በሲ ጎዳና ትገባላችሁ፤ እዚያ አትቁሙ። ወደ ግራ ቁልቁል ታጥፋችሁ ኢ ወይም ኤፍ ጎዳና አካባቢ ማቆሚያ ፈልጉ። ጠዋት ቦታ አለ። የፊት ጎማውን ወደ ዳር አዙሩና የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ብቻ የቆመ መኪና አይታመንም።

መጀመሪያ የባቡር ትኬት ቁረጡ። ጣቢያው ኤፍ ጎዳና ላይ ዋሽንግተን መንገድ አካባቢ ነው። የቨርጂኒያና ትራኪ ባቡር በ1869 መሠራት ሲጀምር ዓላማው ሁለት ነበር፤ ማዕድኑን በካርሰን ወንዝ ዳር ወዳሉት የማዕድን ድንጋይ መፍጫ ወፍጮዎች ማውረድ፣ እንጨት ደግሞ ወደ ላይ ማምጣት። ካርሰን ሲቲ ለመድረስ በ34 ኪሎ ሜትር ውስጥ ወደ 480 ሜትር ይወርዳል፤ ኩርባዎቹ ሁሉ ቢቀጣጠሉ 17 ሙሉ ክብ ይወጣቸው ነበር። ይህ ክፍል በ1938 ተዘግቶ፣ ከ1976 ጀምሮ ለጎብኚ እየተመለሰ ነው። አጭሩ ጉዞ እስከ ጎልድ ሂል ደርሶ መልስ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ወደ ጎልድ ሂል ስትሄዱ በቀኝ በኩል ዳገቱና የማዕድን ቦታዎቹ፣ በግራ በኩል ክፍቱ ሸለቆ ይታያል። ታሪኩን የሚፈልግ ቀኝ ይቀመጥ። ሞተሩ አንዳንድ ቀን በእንፋሎት፣ አንዳንድ ቀን በናፍጣ ነው፤ የእንፋሎቱን የሚፈልግ ትኬት ከመቁረጡ በፊት ይጠይቅ። የእንፋሎት ቀን ክፍት ፉርጎ ላይ ከሞተሩ ጀርባ ወዲያው የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ውስጥ ጥላሸት ይገባበታል፤ ሁለት ፉርጎ ወደ ኋላ ራቁ፣ መነጽር አድርጉ። በመንገዱ ዳር የምታዩት ቢጫና ግራጫ ክምር ተፈጥሮ የሠራው ኮረብታ አይደለም፤ ከሥር ወጥቶ የተደፋ ድንጋይ ነው። ክምሩ ትልቅ በሆነ መጠን ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታም ትልቅ ነው።

ጎልድ ሂል ስትደርሱ የሎው ጃኬት የተባለውን ጉድጓድ አስቡት። ኤፕሪል 7 ቀን 1869 ጠዋት ሠራተኞች እየወረዱ ሳለ ውስጡ ያለው እንጨት በእሳት ተያይዞ ጭሱ ከእሱ ጋር ወደተገናኙት ወደ ኬንታክና ክራውን ፖይንት ጉድጓዶች ገባ፤ ቢያንስ 35 ሰው ሞተ። ቀጥሎ ጉድጓድ ውስጥ የምታዩት እንጨት ሕይወት የሚያድን ብቻ ሳይሆን የሚነድም እንደነበረ ይህ ያስታውሳችሁ።

ከባቡሩ ስትወርዱ በዚያው በኤፍ ጎዳና ወደ ደቡብ ሂዱ፤ ቾላር ጉድጓድ እዚያ ነው። የሚከፈትበት ሰዓት በወቅቱ ስለሚለያይ በዋዜማው ደውሉ። ከሁለቱ የጉድጓድ ጉብኝቶች አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ ይህንን እዩ፤ ቾላር እውነተኛ የማምረቻ ጉድጓድ የነበረ ነው፣ አሮጌው የእንጨት ድጋፍም በቦታው ቆሟል። ዝግ ከሆነ ሲ ጎዳና ላይ ከፖንደሮሳ ሳሉን ጀርባ የሚገባው የቤስት ኤንድ ቤልቸር ዋሻ አለ፤ ወደ 96 ሜትር ይዘልቃል፣ የድሮ ዕቃዎች ተደርድረውበታል፣ ለትንንሽ ልጆችም ይቀላል።

ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉት የእንጨቱን መጋጠሚያ ነው። የኮምስቶክ ማዕድን ችግሩ ብዛቱ ነበር። ሥሩ በአንዳንድ ቦታ እጅግ ሰፊ፣ ድንጋዩ ደግሞ ልፍስፍስ ነው፤ አየር ሲያገኝ የሚያብጥ ሸክላም አለበት። በቋሚና በአግዳሚ ብቻ የሚሠራው የተለመደ ድጋፍ እየተሰበረ ሰው ይቀብር ነበር። ፊሊፕ ዳይደስሃይመር የተባለ ጀርመን ተወላጅ መሐንዲስ በ1860 ኦፊር ጉድጓድ ላይ መፍትሔ አመጣ። ከወፍራም ግንድ የተሠሩ ባዶ ሳጥኖች በጎን፣ በላይና በታች እየተቀጣጠሉ ይሄዳሉ፤ ክፍተቱ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ሳጥን መጨመር ብቻ ነው። ያለቀለት ሳጥን ደግሞ በማይረባ ድንጋይ ይሞላል፤ ያኔ ክብደቱን የሚሸከመው እንጨቱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ጫፎቹ ሁሉ በምላስና በቀዳዳ የሚገጥሙ ናቸው፤ ተራራው በገፋ መጠን ይጠብቃሉ። አስጎብኚው መብራቱን ወደ አንዱ ማዕዘን እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁና ሦስቱ ግንዶች እንዴት እንደተያያዙ እዩ። ዘዴው በኋላ በብዙ አገር ጉድጓዶች ተወስዷል። ለዚህ እንጨት ሲባል የታሆ ሐይቅ ዙሪያ ደን ተጨፍጭፏል፤ የምትነኩት ግንድም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

መብራቱን እንዲያጠፋላችሁም ጠይቁ። ከዚያ የሻማ ብርሃን ብቻ ይቅር። ሠራተኛው በዚያ ብርሃን ለ8 ሰዓት ፈረቃ በቀን 4 ዶላር ይሠራ ነበር፤ የሠራተኞቹ ማኅበር ታግሎ ያስከበረው፣ ለጊዜው ከፍተኛ የነበረ ደመወዝ። እናንተ ያላችሁበት ከመሬት በታች ጥልቀት የለውም፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ነው። ከ900 ሜትር በላይ የወረዱት ጉድጓዶች ግን የሚያቃጥል ውኃ ይፈልቅባቸው ነበር፤ ሠራተኛው ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ በረዶ ወዳለበት ክፍል ይመለስ ነበር። ውኃውንና ሙቀቱን ለማውጣት አዶልፍ ሱትሮ የተባለ ሰው ከታች ካለችው ከዴይተን ከተማ በኩል 6 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ማስቆፈር በ1869 ጀመረ። በ1878 ሲደርስ ግን ጉድጓዶቹ ከእሱ በታች ወርደው፣ ሀብታሙ ማዕድንም እያለቀ ነበር።

ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው በሩ ላይ ይወስን፤ መሐል ላይ አንድ ሰው ሲመለስ ቡድኑ ሁሉ ይመለሳል። ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ይሂድ። ከረጢት ጀርባ ላይ ሳይሆን ፊት ላይ ይያዝ፤ ከረጢቱ በእንጨቱ ላይ ይሰካካል።

ምሳችሁን ከ12:00 በፊት ወይም ከ1:30 በኋላ ብሉ፤ በመካከሉ ሲ ጎዳና ላይ ወረፋ ነው። የያዛችሁትን ለመብላት ከፈለጋችሁ ወደ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ከታች ሆናችሁ ብሉና ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ወደ ላይ ስትወጡ መጀመሪያ ኢ ጎዳና ላይ ቅድስት ማርያም በተራሮች የተባለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታገኛላችሁ። በ1875 ተቃጥሎ ወዲያው እንደገና የተሠራ ነው። ውስጡን እዩ፤ ዛሬም የሚጸለይበት ስለሆነ ባርኔጣ አውልቁ፣ ቅዳሴ ካለ ጠብቁ። ቀጥሎ ዲ ጎዳና ላይ የማኬይ ቤት አለ፤ ከጉልድ ኤንድ ከሪ ማዕድን ቢሮነት የተነሳና ከእሳቱ የተረፈ። ጆን ማኬይ በደመወዝ ከሚሠራ ቆፋሪነት ተነስቶ ከጄምስ ፌር፣ ከጄምስ ፍለድና ከዊልያም ኦብራየን ጋር በ1873 ‹ታላቁ ቦናንዛ› የተባለውን ክምችት 365 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ያገኘ ሰው ነው። ብዙዎች ሥሩ አልቋል ብለው የተዉትን ቦታ ነበር የቆፈሩት።

ሲ ጎዳና ደቡብ ጫፍ ላይ አራተኛው ዋርድ ትምህርት ቤት አለ። አንድ ሙዚየም ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ ይህ ነው። በ1876 የተሠራ ባለ አራት ፎቅ የእንጨት ሕንጻ፣ እስከ 1936 ያስተማረ። ማዕድኑን ብቻ ሳይሆን የቆፋሪዎቹን ልጆች ያሳያችኋል። አንድ ሰዓት ስጡት።

ከዚያ በሲ ጎዳና ወደ ሰሜን ተራመዱ፤ አሁን ሱቆቹን ብታዩ ጊዜው ነው። የብር ጌጥ ከገዛችሁ 925 የሚል ማኅተም (92.5 በመቶው ብር ነው ማለት ነው) ፈልጉ፤ ማኅተም ቢኖረውም ብሩ ከዚህ ጉድጓድ የወጣ ነው ለማለት አይበቃም። የካርሰን ሲቲ ሳንቲም ማምረቻ ከ1870 እስከ 1893፣ መሐል ላይ ለጥቂት ዓመታት እያቋረጠ፣ ሁለት ሲ ፊደል ያለበት ሳንቲም ያትም ነበር። ውድ ስለሆነ አስመስለው የሚሠሩት አለ፤ በታወቀ መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ በፕላስቲክ ካልታሸገ አትግዙ። ማምረቻው ራሱ ዛሬ ካርሰን ሲቲ ውስጥ የኔቫዳ ግዛት ሙዚየም ነው፤ በዚያ በኩል የምትመለሱ ከሆነ ግቡበት።

አንድ ደረጃ ወደ ላይ፣ ቢ ጎዳና ላይ የፓይፐር ኦፔራ ቤትና የስቶሪ ካውንቲ ፍርድ ቤት ተጎራብተዋል። የፍርድ ቤቱ በር ላይ ያለችውን የፍትሕ ሐውልት ቀና ብላችሁ እዩ፤ ዓይኗ አልተሸፈነም።

ማንም ሰው የማይጠይቀው ግን መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ውኃው ከየት ይመጣል? ከጉድጓዱ የሚወጣው አይጠጣም ነበር። በ1873 መሐንዲስ ኸርማን ሹስለር ከሴራ ተራሮች ላይ ወርዶ የዋሾን ሸለቆ አቋርጦ እንደገና ሽቅብ የሚወጣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል የብረት ቧንቧ ዘረጋ። የቧንቧው ዝቅተኛ ቦታ ከመነሻው ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ይህን ያህል ግፊት በዚያ ዘመን የሚችል የውኃ ቧንቧ ይሠራል ብሎ ያመነ ጥቂት ነው። ከተማዋ ዛሬም ውኃዋን የምታገኘው በዚያ መስመር ነው።

መጨረሻ፣ ጥላው ሳይወርድ፣ ከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለውን ሲልቨር ቴራስ መቃብር እዩ። በእርከን የተሠራ ነው፤ ቦታው በሃይማኖትና በማኅበር ተከፋፍሏል፣ ድንጋዮቹ ላይ የትውልድ አገር ተጽፏል። አየርላንድ፣ ኮርንዎል፣ ጀርመን። የሟቾቹን ዕድሜ ስታሰሉ ጉድጓዱ ምን ያህል ወጣት እንደወሰደ ታያላችሁ። ድንጋዩ ላይ አትደገፉ፤ መሠረታቸው የላላ ብዙ ናቸው። ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ጽሑፍ መገልበጥም ድንጋዩን ይልጠዋል፤ ፎቶ ይበቃል።

የማይነኩ ነገሮች

ከጉብኝት ውጭ ያለ ማንኛውም ክፍት ጉድጓድ ወይም ዋሻ ውስጥ እግራችሁን አታስገቡ፣ ደፉ ላይም አትቁሙ። የሚገድለው ፍርስራሹ ብቻ አይደለም። ዋሻው ወለል ላይ የበሰበሰ ጣውላ ሊኖር ይችላል፤ ከሥሩ ቀጥ ያለ ጉድጓድ አለ። ኦክሲጅን ያለቀበት አየር አይሸትም፣ አያስልም፤ ሰውየው ዝም ብሎ ይወድቃል፣ ሊያወጣው የገባውም አጠገቡ ይወድቃል። የተረሳ ፈንጂም አለ። ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

ከከተማዋ ሥር ባለው ሲክስ ማይል ካንየን አሸዋ ውስጥ ወርቅ እናጥባለን ብላችሁ አትቆፍሩ። ወፍጮዎቹ ብሩን ከድንጋዩ የሚለዩት በሜርኩሪ ነበር፤ ሺህ ቶኖች ሜርኩሪ ወደ ካንየኑና ወደ ካርሰን ወንዝ ወርዷል። አካባቢው ከ1990 ጀምሮ በፌዴራሉ መንግሥት ዝርዝር ውስጥ ያለ የተበከለ ቦታ ነው። ሜርኩሪው አሁንም ደለሉ ውስጥ አለ፤ ከዴይተን በታች ያለውን የወንዙን ዓሣ አትብሉ።

መንገድ ላይ የምታዩዋቸው ፈረሶች ባለቤት የላቸውም። መመገባቸው በኔቫዳ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ፖም የለመደ ፈረስ መኪና ባየ ቁጥር ወደ አስፋልት ይወጣል፣ ከዚያም ይገጫል። ምሽት ላይ ጥቁር ፈረስ በጥምዝ ላይ አይታይም፤ ፍጥነታችሁን ቀንሱ።

ስትወርዱ

ሳሉን ከገባችሁ የሚነዳው ሰው አይጠጣ። ጋይገር ግሬድን ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን ላይ እግር አድርጎ መቆየት ትልቁ ስህተት ነው፤ ሸራው ይግላል፣ የፍሬኑ ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ እየላላ ወለል ድረስ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ኤል ወይም ወደ 2። ሞተሩ ይጮኻል፣ አይጎዳም። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ያዙ፣ ልቀቁ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ማቆሚያ ቦታ ላይ ወጥታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ይብረድ፤ ውኃ አትድፉበት፣ ዲስኩ ይጣመማል። ከኋላችሁ የሚያስጨንቅ መኪና ካለ ሰፊ ቦታ ላይ ወጣ ብላችሁ አሳልፉት።